መጽሔትሽን እንደ ቅሬ ያዢው

ጥያቄው ከደሴ የመጣ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከሆጤ ሰፈር ነው። የአማርኛ መምህርት ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የሥነ ጽሑፍና የሥነ ጥበብ መጽሔት ጀመርን። በዓመት አራት ጊዜ እናወጣለን ብለን ነበር፤ በሁለት ዓመት ያወጣነው ግን አራት እትም ብቻ ነው። በየእትሙ 500 ቅጂ እናሳትማለን። አንዱ ቅጂ 130 ብር ይፈጅብናል፤ በ150 ብር እንሸጠዋለን። ከመጨረሻው እትም የተሸጠው 190 ነው። የቀረው አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። የማተሚያ ቤት ዕዳ አለብን። ጓደኛዬ ‹ወረቀቱን እንተወውና በቴሌግራም ብቻ እንቀጥል› ይላል። አንድ የከተማችን ነጋዴ ደግሞ 100,000 ብር እሰጣችኋለሁ ብለውናል። ግን በየእትሙ የእሳቸው ግጥም ከነፎቷቸው እንዲወጣ ይፈልጋሉ። ግጥሙ ለኅትመት የሚበቃ አይደለም። ከ60 በላይ ጽሑፍ ደርሶን ገና አላነበብነውም። ከእናቶች የቀዳነው መንዙማና እንጉርጉሮም አለ፤ አንድ እትም ልናደርገው አስበን ነበር። እናቴ ‹ይቅርብሽ፣ ከስተሻል› ትለኛለች። ልዝጋው ወይስ ገንዘቡን ልቀበል?»

እታለም፣ ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ጊዜ ካልኩሌተር ይዤ ነበር። ወደ ብሩ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን አንድ ቦታ ላይ ላቁምሽ። «ከ60 በላይ ጽሑፍ ደርሶን ገና አላነበብነውም» ብለሻል። ከነጋዴውና ከመንዙማው መሀል ሸጎጥ አድርገሽው አልፈሻል። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

እነዚህ 60 ሰዎች እነማን ናቸው? ልገምት። አንዱ ኩታበር ያለ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ግጥሙን ደብተር ላይ ጽፎ በስልክ ፎቶ አንስቶ ልኮልሻል። አንዷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ናት። አጭር ልብ ወለዷን የጻፈችው ከማታ ፈረቃ ስትወጣ ነው። አንዱ ሐይቅ ያሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ለሠላሳ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረው አሁን ገና የራሳቸውን ላኩ። እነዚህ ሰዎች ከላኩበት ቀን ጀምሮ ስልካቸውን እያዩ ነው። መጽሔትሽን ቀድመው የሚገዙት፣ ለጎረቤት የሚያሳዩት፣ ለእህት ለወንድም የሚልኩት እነሱ ነበሩ። ዝም ስትያቸው ሁሉም ዝም ይላል።

ስለዚህ መልሴን ላስቀድም። አትዝጊው። የነጋዴውን ገንዘብ በዚያ ውል አትቀበዪ። መጽሔቱን አሳንሺው። ከዚያ እንደ ቅሬ ያዢው።

ቅሬ ምን እንደሆነ ለወሎ ልጅ አላስተምርም። ሌላ አገር ሆኖ ለሚያነበን ግን፣ እናንተ ዕድር የምትሉት ነው። እናቴ የቅሬ መዋጮዋን በመሀረብ ጫፍ ቋጥራ ታስቀምጥ ነበር። ቤት ውስጥ ጨው ባይኖር እንኳ ያ ቋጠሮ አይፈታም። መዋጮው ትንሽ ናት። ቀኗ ግን አትዛነፍም። መዝገቡ ላይ የሁሉም ስም አለ፤ የሀብታሙም፣ የድሃውም፣ የሙስሊሙም፣ የክርስቲያኑም። ለቅሶ ሲደርስ ማንም «እገሌ ድሃ ነው» ብሎ አይቀርም። አንድ ሀብታም ተነስቶ «ድንኳኑን እኔ ልግዛ፣ ግን ስሜ ይጻፍበት» ቢል የቅሬው ዳኛ ምን እንደሚሉት አስቢ። ትንሽ መዋጮ፣ የታወቀ ቀን፣ ማንንም የማይዘነጋ መዝገብ። ትንሽ መጽሔት የሚኖረው በነዚህ ነው። አንቺ ጋ የጠፉትም እነዚሁ ናቸው።

አሁን ወደ ብሩ። 500 ቅጂ በ130 ብር፣ 65,000 ብር ነው። 190 ቅጂ ሸጠሻል። 65,000ን ለ190 ስታካፍዪው 342 ብር ይመጣል። አንባቢ እጅ የገባው እያንዳንዱ ቅጂ 342 ብር ፈጅቶ በ150 ብር ሄዷል ማለት ነው። ሌላም አለ። ለመጻሕፍት መደብር ምን ያህል እንደምትተዪ አልጻፍሽልኝም። ከመቶ 20 ብቻ ትተዪ እንበል። ከ150ው 30 ብር ሄደ። 120 ብር ቀረሽ። ማሳተሚያው 130 ነው። እንግዲህ 500ውም ቅጂ በመደብር በኩል ተሽጦ ቢያልቅልሽ ኖሮ 5,000 ብር ትከስሪ ነበር።

ይሄን ደግመሽ አንብቢው። «ሰው አያነብም» እያላችሁ ስትተክዙ ከርማችኋል፤ ይታየኛል። ዋጋው ግን ገና ከማተሚያ ቤት ሲወጣ የከሰረ ነው። ደሴ ሙሉ ቢያነበውም ይከስራል። ጥፋቱን አንባቢ ላይ አትጣዪ።

500 ለምን እንዳሳተምሽም አውቃለሁ። በብዛት በሚታተምበት የኦፍሴት ማሽን ላይ ፕሌት፣ ማለትም ገጹ የሚቀረጽበትን ሰሌዳ፣ የማውጣቱና ማሽን የማስተካከሉ ወጪ ለ100ም ለ500ም ያው ነው። ስለዚህ የማተሚያ ቤቱ ሰው «ጨምሪበት፣ ይረክስልሻል» ይልሻል። እውነቱን ነው፤ ለአንዱ ቅጂ ይረክሳል። አልጋሽ ሥር ያለው ግን በምንም ሒሳብ ርካሽ አይደለም። ለትንሽ ቁጥር የዲጂታል ኅትመት አለ። ፕሌት የለውም። አንዱ ቅጂ ትንሽ ይወደዳል፤ ግን 150 አሳትመሽ ሲያልቅ 50 መጨመር ትችያለሽ። በዐፄ ምኒልክ ጊዜ የወጣው አእምሮ ጋዜጣ መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ብቻ ነበር የሚሰራጨው። የአማርኛ ጋዜጣ የተጀመረው በ24 ቅጂ ነው። 150 አያሳፍርሽ።

ቀለሙንም ቀንሺ። ባለ ቀለም ገጽ ኦፍሴት ላይ አራት ፕሌት ይፈልጋል፤ ሰማያዊው፣ ማጀንታው፣ ቢጫውና ጥቁሩ ለየብቻ ነው። ጥቁርና ነጭ አንድ ይበቃዋል። ውስጡን ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ሥዕሎቹን መሀል ላይ አራት ባለ ቀለም ገጽ ስጫቸው። ሠዓሊዎቹም ይደሰታሉ፤ ሥዕል በግራጫ ሲወጣ ያማል። በስቴፕል የሚታሰር መጽሔት ገጹ ለአራት መካፈል አለበት። 48 ወይም 52 ነው። 49 ገጽ ጽሑፍ ካለሽ የምትከፍዪው የ52 ነው። ስለዚህ ወይ አንዱን ጽሑፍ አሳጥሪ ወይ ሦስት ገጽ ሙዪ። መጠኑ የኤ4 ግማሽ ይሁን። ውስጡ 80 ግራም ወረቀት ይበቃል።

ይሄን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፊውና ሦስት ማተሚያ ቤት ጠይቂ። ለሦስቱም ያንኑ ወረቀት ስጪ፤ አለዚያ ዋጋቸውን ማወዳደር አትችዪም። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና ይጻፍበት። ወረቀትና ቀለም ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። ከዚያ ወዲህ በቃል የተነገረ ዋጋ ይዞ እትም ማቀድ አይቻልም።

ስለ ጊዜው። በዓመት አራት ይቅር። ሁለት ይሁን። አንቺ መምህርት ነሽ። ሰኔ ላይ የፈተና ወረቀት ተቆልሎብሽ የመጽሔት ማረሚያ ማየት አትችዪም። ጥቅምት 15 እና መጋቢት 15 በዪ። የሚቀጥለውን ቀን የኋላ ሽፋኑ ላይ አትሚው። ከታተመ በኋላ ማንም አያዛንፈው። አንድ ድርሰት ካልደረሰ ይለፈው፤ መጽሔቱ ይውጣ። ዘግይቶ የወጣ ባለ 64 ገጽ ከሚሆን በቀኑ የወጣ ባለ 40 ገጽ ይሻላል። ሰው ቀን ሲያውቅ ይጠብቃል። መጠበቅ ሲለምድ ይገዛል።

አሁን ወደ 60ዎቹ። ማታ ማታ አምስት አምስት አንብቢ። በ12 ማታ ያልቃል። ስማቸውን ሸፍነሽ አንብቢ፤ ጓደኛሽ ይሸፍንልሽ። ትንሽ ከተማ ውስጥ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው። ስሙን ካየሽ ግጥሙን ከማንበብሽ በፊት ፊቱ ይመጣብሻል። ከዚያ ለሁሉም መልሺ። ለሁሉም። ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኔ ብሆን ለዚያ ለኩታበሩ ልጅ እንዲህ ነው የምጽፍለት፦ «ግጥምህን አነበብነው። አያትህ የማሽላውን እንጀራ ሲቆርሱ እጃቸው የሚንቀጠቀጥበት ስንኝ አልለቀቀኝም። ለዚህ እትም አልወሰድነውም፤ የመጨረሻዎቹ አራት ስንኞች ምክር ሆነውብናል፤ አያትህን ትተህ እኛን መገሠጽ ጀመርክ። እነሱን አውጥተህ እስከ ጥር መጨረሻ መልሰህ ላክልን።» ይሄን ያነበበ ልጅ ቢያለቅስም ይጽፋል። «ቦታ አልበቃንም» አትበዪ። ቦታ በቅቶሽ ከሆነ ውሸት ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

የማረም ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ። የዛሬ ስንት ዓመት እኛም ደሴ ላይ አንዲት መጽሔት ነበረችን። 300 ቅጂ እናሳትም ነበር። አንድ አዛውንት ገጣሚ ስለ ጦሳ ተራራ ጭጋግ ረጅም ግጥም ሰጡን። ታትሞ መጣ። ጥቅሉን ቀድጄ የመጀመሪያውን ቅጂ ስገልጥ የመጨረሻው ስንኝ የለም። ግጥሙ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ገጹ ሲስተካከል ወድቋል። ማረሚያውን ያየሁት እኔ ነበርኩ። ያየሁትም ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።

የዚያን ሌሊት አራት ሆነን ተቀመጥን። እያንዳንዳችን 75 ቅጂ። በሰማያዊ እስክሪብቶ ያቺን ስንኝ ከገጹ ግርጌ እየጻፍን አደርን። ሊነጋጋ ሲል እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ፊደሉ ዘመመ። ጠዋት አንዱን ቅጂ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡ። ግርጌው ላይ ሲደርሱ ዝም አሉ። «ይሄ ያንቺ እጅ ነው?» አሉኝ። «አዎ፣ ይቅርታ» አልኳቸው። «በሁሉም ላይ?» «በሁሉም።» ቅጂውን አጥፈው ደረታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወደ ጓዳ ዞረው ቡና ይፈላ አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማረሚያ ወረቀት ላይ ታትሞ ካልሆነ አላይም። በጆሮም ነው የማርመው። አንድ ሰው ዋናውን ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው የሚታተመውን በጣቱ እየተከተለ ያያል። እኛ ቤት ይሄ የሚደረገው ቡና ላይ ነበር። ከአቦል እስከ በረካ አንድ እትም ግጥም ያልቃል። እናቴ ማንበብ አትችልም። ግን እየቆላች «እዚች ላይ ተደናቀፍሽ» ትለኝ ነበር። ሄጄ ሳየው አንድ ቃል ተዘሏል፤ ወይም የግጥሙ ቤት ተሰብሯል። ያንቺም እናት ቡና ላይ ትቀመጥ። «ይቅርብሽ» የምትለው ሥራሽን ከውጭ ስለምታየው ሊሆን ይችላል።

ስለ ግጥም ቤት ካነሳን፣ ግጥምን በሁለት ዓምድ አታስቀምጪ። የወል ቤት የሚባለው የግጥም ምጣኔ ስንኙ ስድስት ስድስት ሆኖ 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የድምፅ ምት ነው። በጠባብ ዓምድ ስታስገቢው ጫፉ ይታጠፍና አንዱ ስንኝ ሁለት ይሆናል። አንባቢው የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። ግጥም ሙሉ ገጽ ይስፋው። ነጭ ቦታ ቢተርፍ አይቆጭሽ።

የፊደሉንም ነገር አስቀድመሽ ወስኚ። አንዱ «ዓለም» ይላል፣ ሌላው «አለም»። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ»። የትኛውን እንደምትከተዪ በአንድ ገጽ ጽፈሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ገጣሚ ሆነ ብሎ የመረጠውን ፊደል ግን ሳትጠይቂ አትንኪ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሲመጣልሽ ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያነበው ዩኒኮድ ቀይሪውና ከዋናው ጋር አመሳክሪው፤ ሲቀየር ፊደል ይበላል። ለማተሚያ ቤት የምትልኪው ፎንቱ አብሮ የገባበት ፒዲኤፍ ይሁን። ፎቶና ሥዕል በቴሌግራም ሲላክልሽ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩልሽ። እንደ ፎቶ ከመጣ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፤ ስልክ ላይ ያማረው ወረቀት ላይ ይደበዝዛል።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ? በፈረንጆቹ 1912 ቺካጎ ከተማ ውስጥ ሐሪየት ሞንሮ የምትባል ሴት የግጥም መጽሔት ጀመረች። አንድ ትልቅ ሀብታም አልፈለገችም። በየቢሮው እየዞረች መቶ ያህል ሰዎች ለአምስት ዓመት በየዓመቱ 50 ዶላር እንዲሰጡ ቃል አስገባቻቸው። ለገጣሚዎቿም ከመጀመሪያው ጀምሮ ትከፍል ነበር። መጽሔቱ እስከ ዛሬ ይወጣል። ሳስበው ሴትዮዋ ቅሬ ነው የመሠረተችው። ከመቶው አንዱ ቢቆጣና ቢወጣ 99 ይቀራሉ። ያንቺ ነጋዴ ቢቆጡ ግን ምንም አይቀርሽም።

አንቺ 60 ሰው ፈልጊ። እያንዳንዱ በዓመት 500 ብር፣ ለሦስት ዓመት። በዓመት 30,000 ብር ነው። በምላሹ ሁለቱም እትም እጁ ይገባል፤ ስሙ በመጨረሻው ገጽ ይታተማል። በቴሌብር ይላክልሽ፤ ደረሰኝ ግን በወረቀት ቁረጪ። ከማን ትጀምሪ? ከትምህርት ቤትሽ መምህራን። አዲስ አበባ ካሉ የወሎ ልጆች። ውጭ ካሉት። ጥሩ ሻይ ቤት ካላቸው። ከዚህ ብር ላይ መጀመሪያ ለማተሚያ ቤቱ ዕዳ የወር ክፍያ ተዋዋዪ፤ ሄደሽ ፊት ለፊት ተነጋገሪ፤ አትሸሺያቸው። ቀጥሎ ለጸሐፊዎችሽ። 200 ብርና ሁለት ቅጂም ቢሆን። ያቺ የኮምቦልቻ ልጅ በጽሑፏ ያገኘችውን የመጀመሪያ 200 ብር ዕድሜ ልኳን ትናገራታለች።

ያልተሸጠውንም ከአልጋ ሥር አውጪው። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ካፌ ለምኚ፤ ፒያሳ ይሁን ሸዋ በር። አምስት ገጣሚ አስነብቢ፣ በሩ ላይ ቁጭ ብለሽ በእጅሽ ሽጪ። በእጅሽ ስትሸጪ 150ውም ያንቺ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ ተማሪዎች አሉ፤ የድሮ እትም በግማሽ ዋጋ ይወስዳሉ። ፀጉር ቤትና ክሊኒክ አንዳንድ ቅጂ ተይ። ሰው ሲጠብቅ ያነባል።

ነጋዴውን በተመለከተ። በስልክ አትመልሺላቸው። ሄደሽ መልሺ። አንድ የሚያከብሩት ሽማግሌ አስከትዪ። ሻያቸውን ጠጪ። ከዚያ እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ ስላሰቡልን እግዜር ይስጥልን። የኋላ ሽፋኑን ለድርጅትዎ ማስታወቂያ ልሸጥልዎ እችላለሁ። ‹ማስታወቂያ› ተብሎ ይወጣል። ግጥምዎን ደግሞ እንደማንኛውም ሰው ይላኩልን፤ ስም ሸፍነን እናነባለን፤ መልስ እሰጥዎታለሁ።» ቅር ሊላቸው ይችላል። ግን አስቢው፤ 60 ሰው መልስ እየጠበቀ፣ ገጹ በገንዘብ እንደሚገኝ ቢያይ ማን ይልክልሻል? ማን ይገዛሻል? ምናልባት ሰውዬው እውነተኛ የግጥም ፍቅር ያላቸው፣ ማንም ቁም ነገር ብሎ አንብቦላቸው የማያውቅ ሰው ይሆናሉ። ከላኩ ከልብሽ አንብቢላቸው። አንዲት ጥሩ ስንኝ ካገኘሽ ንገሪያቸው።

ጓደኛሽ ስለ ቴሌግራም ያለው ግማሹ ትክክል ነው። ቻናል ክፈቱ። በሳምንት አንድ ግጥም፣ አንድ ሥዕል ልቀቁ። እሱ ይያዘው፤ መዝገቡን አንቺ ያዢ። ወረቀቱ ግን አይቅር። በ2014 ጦርነት ከደሴ ስንት ቤት ስንት ወረቀት እንደጠፋ አንቺም ታውቂያለሽ። የኛ መጽሔት ሙሉ ስብስብ የጠፋው ያኔ ነው። አሁን ያሉኝ ሁለት እትሞች ናቸው፤ እነሱንም ያገኘኋቸው አንድ አንባቢ አዲስ አበባ ይዟቸው ሄዶ ስለነበር ነው። ወረቀት ብዙ ቦታ ሲበተን ይተርፋል። ከእያንዳንዱ እትም ለአዲስ አበባው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ለወመዘክር፣ ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትና ለትምህርት ቤትሽ አስቀምጪ። በየቻናሉ የተለቀቀው ደግሞ ቻናሉ ሲሰረዝ አብሮ ይሄዳል።

መንዙማውን ሳነብ ልቤ ሞቀ። እዚህ ላይ ግን ጠንቀቅ በዪ። ወሎ የመጽሐፍ አገር ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ በአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በፈረንጆቹ 1280 እና 1281 መካከል የተጻፈ ወንጌል ነበረው። የወሎ ዓሊሞች ደግሞ አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማቸውን በዐጀሚ አቆይተዋል። በእጅ በተጻፈ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የጸሐፊውን ወይም ያስጻፈውን ስም ከጸሎት ልመና ጋር ማግኘት የተለመደ ነው። አንቺም ከእናቶች የቀዳሽውን «የሕዝብ ግጥም» ብለሽ ስም አልባ አታድርጊው። ማን አሉት፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ሰምተው? ጻፊው። ተመልሰሽ ሂጂና ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። «ይሄ ይቅር፣ ይሄ የሐድራ ጸሎት ነው፣ ለወረቀት አይሆንም» ካሉሽ ይቅር። ሲታተም የመጀመሪያውን ቅጂ በእጃቸው ስጪ። ማንበብ ባይችሉም ስማቸውን በጣትሽ አሳዪያቸው። ለዚህ እትም አትቸኩዪ። ዓመት ይፍጅ።

የሕጉ ነገር አጭር ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 መጽሔት መመዝገብ እንዳለበት ይናገራል፤ ያልተመዘገባችሁ ከሆነ ከሚቀጥለው እትም በፊት ጨርሱት። የቅጂ መብት አዋጁ 410/1996 ነው። መብቱ የደራሲው ነው፤ በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል። ከእያንዳንዱ ጸሐፊ ጋር ግማሽ ገጽ ስምምነት ተፈራረሙ፦ አንድ ጊዜ ለማተም ፈቅዷል፣ መብቱ የራሱ ነው፣ ይሄን ያህል ይከፈለዋል። ሠዓሊዎችም እንዲሁ። ሥዕሉን የገዛው ሰው ሥዕሉን ነው የገዛው፤ የማተም ፈቃድ ከሠዓሊው ትጠይቂያለሽ።

አንድ የመቶ ቅጠል ደብተር ግዢ። ግራው ላይ የ60ዎቹን አዋጮች ስም፣ ቀኙ ላይ የ60ዎቹን ላኪዎች ስምና የመለስሽበትን ቀን ጻፊ። ዛሬ ማታ አምስቱን አንብቢ፤ ከኩታበሩ ልጅ ጀምሪ፣ ካለ። በግራው በኩል 1ኛ ተራ ላይ የኔን ስም አስገቢ። የሦስቱን ዓመት 1,500 ብር በአንዴ እልካለሁ፤ የቴሌብር ቁጥርሽን ብቻ ላኪልኝ። የጥቅምት 15ቱን እትም ደሴ ድረስ መጥቼ ከእጅሽ እወስዳለሁ።